«እማዬ፣ ዛሬ እኔ ጠንቋይ ነኝ»

ልጅዎ እራት ላይ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ዛሬ እኔ ጠንቋይ ነኝ» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል?

እዚህ ግልገል በለስ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ይህ ነገር ባለፈው ክረምት ገጥሟታል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ፣ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት ከመጣው የአጎቱ ልጅና ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ሦስት ቀን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፍ ነበር። እሷም በክረምት ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ሰጠኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። በሦስተኛው ቀን «ጠንቋይ» የሚለውን ቃል ሰማች። ወረቀቱን ሁሉ ሰብስባ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው፤ ልጆቹንም በተነቻቸው።

«አንቺ፣ ምን እንዳስተማሩብኝ አላውቅም» አለችኝ በማግስቱ ቡና ሰዓት ላይ። «ድግምት፣ ዘንዶ፣ ጋኔን… ደግሞ ለእያንዳንዱ ነጥብ አለው!»

ንስሐ አባቷን ሳትጠይቅ አላለፈችም። እሳቸው ሁለት ነገር ብቻ ጠየቋት፦ ገንዘብ ይያዝበታል ወይ? ልጁ ጸሎቱንና ትምህርቱን ትቷል ወይ? ሁለቱም እንደሌለ ስትነግራቸው «እንግዲያው ስሙን ለውጡት፤ ጠንቋይ ማለት ለእኛ ቀልድ አይደለም» አሏት። እኔ በበኩሌ ወረቀቶቹን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩና ከልጆቹ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

ዕቃ ዕቃ ያደገ እንደሆነ

ፈረንጆቹ ይህን ዓይነት ጨዋታ «ሮል ፕሌይንግ ጌም» ይሉታል። በአማርኛ የሚና ጨዋታ ብንለው ያስኬዳል። ከሁሉም የታወቀው «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ነገር ግን ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዱ በር አንኳኩቶ የሚመጣ እንግዳ፣ ትንሿ ደግሞ ወደደችም ጠላችም ሁልጊዜ ሕፃን። ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ ቆርኪው ሲኒ። የሚና ጨዋታ በዚህ ላይ ተራኪ፣ ደንብና ዕጣ ይጨምርበታል።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ተራኪ ይሆናል። ቦታውን ይስላል፣ ችግሩን ያቀርባል፣ መንገድ ላይ የሚገኙትን ሰዎች ሁሉ እሱ ሆኖ ይናገራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ የዚያ ሰው ጉልበት፣ ብልሃት፣ አንደበት ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፏል። ባልደረባዬ ሒሳብ የመሰላት እሱ ነው። (በእርግጥም ሒሳብ ነው። መደመርና መቀነሱ አያልቅም።) ተራኪው «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ እነሱም ይናገራሉ። የሚያደርጉት ነገር መሳካቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ዳይስ ይወረወራል። ብዙውን ጊዜ ዳይሱ ሃያ ገጽ አለው። አሸናፊ የለም፤ ወይ አብረው ይወጡታል ወይ አብረው ይወድቃሉ። ታሪኩ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቀጥላል።

ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ግልገል በለስ ገበያ አይገኝም። ስለዚህ ልጆቹ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው የተጠቀለሉ ወረቀቶች ፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ጨምረው ዕጣ ያወጡ ነበር። እኔ በተቀመጥኩበት ቀን ተራኪው የአዲስ አበባው ልጅ ነበር፤ ዕድሜው አሥራ አራት ነው።

«የበለስ ወንዝ ሞልቷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። ማዶ ያሉት አሮጊት መድኃኒቱን እስከ ማታ ካላገኙ ይሞታሉ። ምን ታደርጋላችሁ?»

«እዋኛለሁ!»

«አዞ አለ።»

«አዞውን እገድለዋለሁ!»

«በምን?»

ዝም። ከዚያ ከአራቱ ብቸኛዋ ሴት የሆነችው የጎረቤት ልጅ «ቆይ፣ ቀርከሃ አለ አይደል? ታንኳ እንሥራ» አለች። ገመዱ ከየት ይመጣል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? መሽቶስ እንደሆነ? ሁሉም ተመከረበት። ዕጣ አወጣች፤ 4 ደረሳት። ታንኳው መሀል ወንዝ ላይ ተሰበረ። እናቱ ያዘነችበት «ጠንቋይ» አንድ የቀረችው ጥበብ ነበረችው፤ ነገር ግን ጥበቧ ውኃ ላይ ትሠራለች ወይስ አትሠራም በሚል ሩብ ሰዓት ተከራከሩ። አሮጊቷ በዚህ መሀል መሞታቸው እንዳልቀረ እኔ ጣልቃ ገብቼ አስታወስኳቸው። ማንም አልሰማኝም።

ተጫወቱ እንጂ!

እንግዳ ቤታችን መጥቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ «ኧረ ተጫወቱ እንጂ!» እንላለን። ማንም ተነሥቶ ኳስ አይለጋም፤ አውሩ ማለታችን ነው። በአማርኛ ጨዋታ ማለት ወግም ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በወሬ ብቻ የሚጫወቱት ነገር ለእኛ ቋንቋ እንግዳ ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

እንቆቅልሽንም ያስታውሱ። መልሱ ያቃተው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አንድ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በሐሳቡ እዚያ ገብቶ እንደ ጌታ ሲበላ ሲጠጣ፣ የተሸነፈውን ደግሞ እንዴት እንዳዋረደው እያሳመረ ይተርካል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጎንደርን ተቀብሎ በምሽት ሲገዛት ያድራል! ለዚህ ሰሌዳም ዳይስም አላስፈለገም፤ አያት ብቻ ነበረች።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ጨዋታዎችም ቢሆኑ የቤተ መንግሥት ክብር ነበራቸው። የአገራችን ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት «ወረራ» የሚባል መክፈቻ አለው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛውያኑ ሄንሪ ሶልትና ናትናኤል ፒርስ አይተዋል። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ አዋቂ እንደነበሩ ይነገራል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ሰንጠረዥን በአንድ ጥናት፣ ገበጣንና ዘመዶቹን በሌላ ጥናት ጽፈዋል፤ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የመዘገቡት የገበጣ ዓይነት ከመቶ በላይ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ «ጠረጴዛ ላይ ሲጫወት የሚውል» የሚለው ሐረግ እንዴት ስድብ ሆነ? መልሱ ብዙም ጥናት አይፈልግም፤ ካርታ ነው። ካርታ በእኛ አፍ ከቁማር፣ ከጫት ቤት፣ ደመወዙን አስበልቶ በሌሊት ከሚገባ አባት ጋር ተያይዟል። በኋላ የመጡት የጆተኒና የፕሌይስቴሽን ቤቶችም ዕዳውን ወረሱ። ትምህርት ቤት አጠገብ ሲከፈቱ ወላጅ ይጮኻል፤ ሲዘጉም ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ። ችግሩ ግን ጠረጴዛ ላይ ያለው ገንዘብ ይሁን ተረት ሳናይ ጠረጴዛውን መፍራት መጀመራችን ነው።

አሜሪካኖቹ እንዴት ፈሩ፣ እንዴት ተዉት

የባልደረባዬ ድንጋጤ አዲስ አይደለም። አሜሪካውያን እናቶች ከአርባ ዓመት በፊት ቃል በቃል ያንኑ ብለዋል።

«ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። አሳታሚው ድርጅት መቀመጫው በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ሣጥን ብቻ ነበር፤ አንድ ዓመት ሳይሞላ አለቀ። እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ አንድ ነገር ልጨምር፦ ማስታወቂያው ጨዋታውን ያስተዋወቀውን ያህል፣ በኋላ የመጣው ፍርሃት ደግሞ የበለጠ አስተዋወቀው።

ፍርሃቱ የጀመረው በ1979 ነው። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ የ16 ዓመት ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጅ ጠፋ። ቤተሰቡ የቀጠረው መርማሪ ልጁ ጨዋታውን ይወድ እንደነበር ሲሰማ፣ በዩኒቨርሲቲው ምድር ስር ባሉት የእንፋሎት ቱቦ ዋሻዎች ውስጥ ጨዋታውን በእውን ሲጫወት ጠፍቶ ይሆናል የሚል ግምት ለጋዜጠኞች ሰጠ። ጋዜጦቹም ተቀባበሉት። ልጁ በኋላ ሉዊዚያና ውስጥ በሕይወት ተገኘ፤ ከጨዋታ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ያስጨነቀው የድብርት ሕመም፣ ከዕድሜው በላይ የሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቸኝነትና የቤተሰቡ የውጤት ጉጉት ነበር። በማግስቱ ዓመት ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ይህን ታሪክ ሳነብ እኔን የከበደኝ ጋዜጦቹ ስለ ዋሻው ይህን ሁሉ ገጽ ጽፈው ስለ ልጁ ብቸኝነት አለመጻፋቸው ነው።

ነገሩ ግን ተቀጣጠለ። በ1982 ገና ወጣት የነበረው ቶም ሃንክስ በሚና ጨዋታ አእምሮው የተናጋ ተማሪ ሆኖ የተወነበት የቴሌቪዥን ፊልም ታየ። በዚያው ዓመት ልጇን በተመሳሳይ አሳዛኝ ሁኔታ ያጣች አንዲት የቨርጂኒያ እናት ጥፋቱ የጨዋታው ነው ብላ አመነች፤ በማግስቱ ዓመት የተቃውሞ ማኅበር መሠረተች። በ1985 «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው ትልቁ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጉዳዩን አቀረበው። አብያተ ክርስቲያናት ሰበኩበት፤ ትምህርት ቤቶች ከለከሉት። ልጇን የቀበረች እናት ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ምክንያት ፍለጋ የሐዘን ጠባይ ነው። ቆይቶ የመጡ ምርመራዎች ግን ጨዋታውን ከልጆች ሞት ጋር የሚያስተሳስር ማስረጃ አላገኙም።

አሳታሚው ምን አደረገ? በ1989 ባወጣው ሁለተኛ እትም «ሰይጣን» እና «ጋኔን» የሚሉትን ቃላት ከመጽሐፉ አወጣቸው። የግልገል በለሱ ንስሐ አባት ያሉትን ማለት ነው፤ ስሙን ለወጠው። ቃላቱ የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ2000 በሦስተኛው እትም ነው፤ ያኔ ግን የሚጮኽ ብዙ ሰው አልነበረም።

ለምን? በ1980ዎቹ ጠረጴዛው ስር ተደብቀው የተጫወቱት ልጆች አድገው አባትና እናት፣ መምህርና ደራሲ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለሆኑ ነው። የሚያስፈራ የነበረውን ነገር እነሱ ከውስጥ ያውቁታል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ዓይናፋር የሆኑ ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር መነጋገርን እንዲለማመዱ ይህንኑ ጨዋታ የሚጠቀሙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ። በ2016 የጀመረው «ስትሬንጀር ቲንግስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም አራት ልጆች ሲጫወቱት ያሳያል፤ የእኛም ልጆች ስሙን የሰሙት በአብዛኛው ከዚያ ነው። የአሁኑ ባለቤት ኩባንያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጫውቶታል ይላል፤ የሻጭ ቁጥር መሆኑን አንርሳ። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በ2024 ለ50ኛ ዓመቱ መታሰቢያ ቴምብር አተመለት።

ሁሉም በር ግን አልተከፈተም። ዊስኮንሲን፣ ማለትም ጨዋታው የታተመበት ግዛት፣ አንድ ማረሚያ ቤት ጨዋታውን ከልክሎ ታራሚው ሲከስ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቱ በ2010 ክልከላውን አጽንቷል። የማረሚያ ቤቱ ክርክር፣ አንዱ መሪ ሆኖ ሌሎቹ የሚከተሉት ጨዋታ የወንበዴ ቡድን ልማድን ያጠናክራል የሚል ነበር። እኔ አራቱን ልጆች በረንዳ ላይ አይቻለሁ፤ መሪያቸውን ሲከተሉ ግን አላየሁም።

የእኛስ አመለካከት?

እኛ ዘንድ ለውጡ በሌላ በር ነው እየገባ ያለው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ሽርሽርና በየወጣቱ መሰባሰቢያ «ማፊያ» የሚባል ጨዋታ ያልሞከረ ብዙ ሰው አላገኝም። ዓይን ጨፍኑ ይባላል፤ ገዳዮቹ በምሥጢር ይመረጣሉ፤ ሲነጋ ሁሉም ተሰብስቦ ማን እንደሆነ ይከራከራል። ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1986 የፈጠረው በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተማሪ ነው። ዳይስ የለውም እንጂ የሚና ጨዋታ የቅርብ ዘመድ ነው። ደንበኛ ፊት ድምፁ የማይሰማ ሠራተኛ «እኔ አይደለሁም! ማታ ተኝቼ ነበር!» ብሎ ሲሟገት አይቻለሁ። የነፍሰ ገዳይ ሚና ይዞ አምሽቶ በማግስቱ የሰው ሕይወት ያጠፋ ግን የለም። ማንም ወላጅም «ልጄን ገዳይነት አስተማሩብኝ» ሲል አልሰማሁም። «ጠንቋይ» ሲባል ግን እንደነግጣለን። ይህ ልዩነት ከጨዋታው ሳይሆን ከቃሉ የሚመጣ ነው።

ከዚህም በላይ፣ በእኔ ሙያ የሚና ጨዋታ ደመወዝ ይከፈልበታል! አዲስ የሽያጭ ሠራተኛ ስናሠለጥን አንዱን የተናደደ ደንበኛ፣ ሌላውን ሻጭ አድርገን እናጫውታለን፤ አበል አለው፣ ሻይ ቡና አለው፣ ሠርተፍኬት አለው። የሕግ ተማሪዎች በምስለ ችሎት ይከራከራሉ። መምህራንም «ሚና ጨዋታ»ን ከማስተማሪያ ዘዴዎች አንዱ አድርገው ይማሩታል። አዋቂ ሲያደርገው ሥልጠና፣ ልጅ በረንዳ ላይ ሲያደርገው ሥራ ፈትነት ይሆናል።

የስልኩ ዓለምም አልተኛም። አዲስ አበባ ያለው «ቅኔ ጌምስ» ኩኩሉንና ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷቸዋል። መልካም ነው። ልጁ ግን አሁንም ብቻውን ስክሪን ላይ ነው ያለው፤ የበረንዳው ጨዋታ ቢያንስ ዓይን ለዓይን ያስተያያል። መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም፤ ግልገል በለስ የኖረ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

መተከል ላይ ደግሞ

እዚህ ዞን ውስጥ ስለ ልጆች ጨዋታ ሲጻፍ ዘሎ የማይታለፍ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በተለይ በ2013 ዓ.ም.፣ መተከል ውስጥ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሕዝብም ቤቱን ጥሎ ቻግኒ አጠገብ እስከ ራንች መጠለያ ድረስ ተሰዷል። ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ያኔ አፉን በደንብ የፈታ፣ የሚሰማውን የሚያስታውስ ልጅ ነበር።

ልጅ ያየውን ይጫወታል። ከዚያ ወቅት በኋላ በየሰፈሩ የማየው ዕቃ ዕቃ ሠርግና ቡና ብቻ አልነበረም። አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሽፍታ፣ አንዷ ጥቅል ተሸክማ የምትሸሽ እናት። ሸሺ መሆን የሚፈልግ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሿ ትገደዳለች። ጨዋታው ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ያልቅ ነበር፤ ተኩስ። እንደገና ሲጀመርም እዚያው ነው የሚያልቀው።

የበረንዳውን ጨዋታ ሳይ ትኩረቴን የሳበው ይህ ነው። እዚያ ተኩሱ አያልቅበትም፤ ተራኪው ወዲያው «እሺ፣ ከዚያስ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሽፍታውም ስም አለው። ለምን ሸፈተ? የት ነው የሚያድረው? ቢያነጋግሩትስ? ተራኪው መልስ ማዘጋጀት አለበት፤ ስለዚህ ለአንድ አፍታ ሽፍታውን ሆኖ ማሰብ ግዴታው ነው። ይህ መድኃኒት ነው አልልም። የባሰ ነገር ያየ ልጅ የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው እንጂ ዳይስ አይደለም። ነገር ግን ሌላ መጨረሻ ሊኖር እንደሚችል በአፉ የሚናገር ልጅ አይቻለሁ።

በአራቱ ልጆች ቤት ሦስት ቋንቋ ይነገራል። በሁለተኛው ሳምንት የአዲስ አበባው ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተራኪነቱ ለዚያች ታንኳ ላሰበችው ልጅ ደረሳት። በቤቷ የሚነገረው ጉሙዝኛ ነው። ሰፈር ውስጥ ሲሳቅባት ስለኖረች ውጭ ስትወጣ አማርኛ ብቻ ነበር የምትናገረው። ተራኪ ስትሆን ታዲያ አንድ ትልቅ በር አመጣች፤ የበሩ ጠባቂ ከጉሙዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይሰማም አለች። ሰላምታ መስጠት፣ ውኃ መለመን፣ ማመስገን፣ ሦስቱን ያልቻለ አያልፍም። ልጆቹ መጀመሪያ ተቃወሙ፤ ደንቡ ላይ የለም አሉ። ደንቡ ደግሞ የመጨረሻው ቃል የተራኪው ነው ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው እያሉ አጠገቧ ተኮለኮሉ። የባልደረባዬ ልጅ አጠራሩን ሊለማመድ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን ሲመላለስ እናቱ አሁንም የድግምት ቃል መስሏት ነበር፤ ሰላምታ መሆኑን ስትሰማ ሳቀች።

አመለካከቷ ተለወጠ? በከፊል። «ጠንቋይ» የሚለው ቃል ቤቷ አይገባም፤ ልጇ አሁን «ጠቢብ» ነው። ድግምት «ጥበብ» ተብሏል። ሌላዋ ጎረቤት ግን ስሙ ተለወጠም አልተለወጠም ልጄን አልሰጥም ብላለች፤ መብቷ ነው፤ በእምነቷ ላይ ተራ ሰው እንደ እኔ የሚጨምረው የለም። አንድ ነገር ግን ታዘብኩ። ሁለቱ እናቶች በፍርሃት አንድ ነበሩ፤ የተለያዩት አንዷ በርጩማ አምጥታ ልጆቹ አጠገብ ከተቀመጠች ቀን ጀምሮ ነው።

ልጅዎ ልጫወት ቢል

ስጋቶቹ ሁሉ ባዶ አይደሉም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከማን ጋር እንደሚጫወት ማወቅ ነው። በረንዳ ላይ ከሆነ ችግር የለም፤ በኢንተርኔት ከማይታወቁ ትልልቅ ሰዎች ጋር ከሆነ ግን ይህን የሚያህል አስተዳደግ ላይ የደከመ ወላጅ ዝም ማለት የለበትም። አንዳንዶቹ መጻሕፍት ለአዋቂ የተጻፉ ናቸው፤ ደምና ጭካኔያቸው የበዛ ነው። ሰዓትም አለ። ጨዋታው የማያልቅ ስለሆነ ማብቂያውን የሚወስነው ወላጅ ነው፤ በተለይ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ያለበት ልጅ ቤት። እኛ ሰፈር ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ ተብሎ ተወስኗል። ተራኪውም ጭንቅ ቦታ ላይ ማቆም ስለሚወድ ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡበት ይሰነብታሉ።

ሌላው ሚናውን ማዘዋወር ነው። ሁልጊዜ አንድ ልጅ ጀግና፣ ሁልጊዜ አንድ ልጅ አገልጋይ ከሆነ ዕቃ ዕቃው ላይ ትንሿ ላይ የደረሰው በደል ይደገማል። ልጁ ከጨዋታው ሲነሣ ስሙን ጠርተው ያነጋግሩት፤ ሚናውን ጥሎ መነሣት የማይችል፣ የሚያኮርፍ፣ እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ ካለ ግን ጨዋታውን አቁሞ ምን እንዳለበት መጠየቅ ነው። ያ የሚሺጋኑ ልጅ የሚጠይቀው ሰው ነበር ያጣው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ውጭ አገር የሚሸጡት በቀለም ያሸበረቁ መጻሕፍትና ምስሎች በዶላር ናቸው፤ ማንም እንዲገዛ አልመክርም። የጨዋታው መሠረታዊ ደንብ ከኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ እያነበበ ሲተረጉምልዎ መስማት በራሱ ትምህርት ነው። ዘንዶውንም ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም፤ አዞ፣ ጉማሬ፣ ጅብና ሙላት ወንዝ እዚሁ አሉ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ነው።

ዳይስ ከጠፋ የተጠቀለለ ወረቀት ያገለግላል፤ ግን በሳምንት ይበጣጠሳል፤ ልጆቹም ምልክቱን መለየት ይጀምራሉ። የተሻለው ከግሮሰሪ ሃያ ቆርኪ ለምኖ ውስጡን ከ1 እስከ 20 በማርከር መጻፍና ካልሲ ውስጥ ጨምሮ ማውጣት ነው። 6 እና 9 ሥር መስመር ማስመሩን እንዳይረሱ፤ እኛ በረንዳ ላይ ባለመሰመሩ አሮጊቷ ሁለት ጊዜ ሞተው ሁለት ጊዜ ድነዋል።